በልግ ሲገባ በአረቅጥ ጓሮ ምን ይሠራል?

የአረቅጥ የካቲት ያታልላል። ወራት ሲደርቅ የከረመው መሬት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመና ይጠቁርበታል፤ ነጎድጓድ ያጉረመርማል፤ ዝናቡ ለግማሽ ሰዓት ያህል ወርዶ ያባራል። በማግስቱ መንደሩ ሁሉ ዶማ አንሥቶ ጓሮ ይገባል። ከዚያ ሰማዩ ይጠራና ዐሥር ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጠብታ ሳይታይ ይቀራል። ብቅ ብሎ የነበረው ጎመን ይደርቃል፤ ዘሩ በገንዘብ የተገዛ ከሆነ ደግሞ ኪሳራው እጥፍ ነው።

የበልግ ጓሮ ሥራው ብዙ ነው፤ የሚበዛው ግን ዘር መሬት ከመንካቱ በፊት ያለው ነው። ይህ መመሪያ ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ድረስ በአረቅጥና በዙሪያዋ ባለው የጉራጌ ደጋ፣ በጉመር፣ በጌታና በእዣ ከፍተኛ ቦታዎች፣ ጓሮ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ነው። የወላጆቹን ቤት ሊጠብቅ ከአዲስ አበባ የተመለሰ፣ አዲስ ጎጆ የወጣ፣ ተመድቦ መጥቶ በተከራየው ግቢ አንድ ሁለት መደብ ማውጣት የሚሻ መምህር ወይም ነርስ ሊጠቀምበት ይችላል። ዕድሜ ልካቸውን እንሰት ሲተክሉ የኖሩ ሽማግሌዎች ከዚህ የሚማሩት ብዙ አይኖርም። እንዲያውም እዚህ የተጻፈውና እነሱ የሚሉት ከተጋጨ፣ ለግቢዎ አፈር የእነሱን ይስሙ።

መጀመሪያ ቦታዎን ይወቁ

ወልቂጤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ቡታጅራ ከ2,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። አረቅጥ ከሁለቱም ብዙ ከፍ ብላ የተቀመጠች የደጋ ከተማ ናት። ልዩነቱን ጓሮ ውስጥ ያዩታል። ቡታጅራ ገበያ የሚሸጠው የማረቆ በርበሬ፣ ወልቂጤ ዙሪያ የሚያምረው ቲማቲም፣ በወይና ደጋው የቸሃ ጓሮ ያለው ቡና አረቅጥ ላይ አይሆንም፤ ቢበቅል እንኳ አንድ ሌሊት የጣለ ውርጭ ይጨርሰዋል። ችግኝ ሻጭ «ደጋም ይሆናል» ቢልዎ አይመኑት። በአንጻሩ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ባቄላና አተር ከአገሩ ብርድ ጋር ይስማማሉ። የሁሉም አለቃ ደግሞ እንሰት ነው።

ውርጭ የሚበረታው ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆንም፣ የካቲትም ሰማዩ ጥርት ባለበትና ነፋስ ጸጥ ባለበት ሌሊት አይታመንም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ቁልቁል ይወርድና ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። ስለዚህ አንድ ሁለት ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ተነሥተው ግቢዎን ይዙሩት። ሣሩ ላይ ነጭ የጣለበትንና ያልጣለበትን ቦታ ለይተው በእንጨት ምልክት ያድርጉ። ነጭ የጣለበት ቦታ ድንች አይተክሉበትም፤ ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ግን ይችሉታል።

ሌላው ባሕር ዛፍ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ የጉራጌን ደጋ ያለበሰው፣ ለቤት ማገርና ለገንዘብም የሆነው ይኸው ዛፍ ነው፤ ለአትክልት መደብ ግን ክፉ ጎረቤት ነው። ሥሩ ከጥላው አልፎ ይሄዳል፤ የበልጉን ትንሽ ዝናብ እርስዎ ለጎመን ሲያስቡት እሱ ይጠጣዋል። መደቡን ከባሕር ዛፍ መስመር ራቅ አድርገው ያውጡ፤ ቦታ ከጠበበ ደግሞ በመደቡና በዛፉ መካከል ጉድባ ቆፍረው የሚመጣውን ሥር ይቁረጡት። ግቢዎ ዳገታማ ከሆነ መደቡ ዳገቱን አግድም ይቁረጥ እንጂ ሽቅብና ቁልቁል አይሁን። ይህን ቸል ያለ ሰው በሐምሌ ዝናብ የበልጉን ፍግ ከጎረቤቱ ማሳ ሄዶ ይፈልገዋል።

ዝናቡን በእጅዎ ይመርምሩ

የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በልግ የሚለው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለውን ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ደግሞ ዘመነ ጸደይን መጋቢት 26 ያስገባዋል። የበልግ ዝናብ በአብዛኛው ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል የሚመጣ እርጥበት ያመጣው ነው፤ እንደ ክረምቱ ዕለት በዕለት አይጠበቅም። ይመጣል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይመለሳል። በሬዲዮ የሚነገረውን ትንበያ ይስሙ፤ ፍርዱን ግን ለአፈሩ ይተዉት።

ዝናብ በጣለ ማግስት መደቡ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይቆፍሩ። ላዩ ሁለት ጣት ያህል ርሶ ከሥሩ ዱቄት ከሆነ ያ ዝናብ የመቆፈሪያ እንጂ የመዝሪያ ዝናብ አይደለም። ከሥሩም ከረጠበ፣ ከታችኛው አፈር አንድ እፍኝ አንሥተው ይጨብጡት። እጅዎን ሲከፍቱ ወዲያው የሚበተን ከሆነ ገና ነው። ተጨብጦ ከቆመና በጣት ነካ ሲያደርጉት ከተፈረከሰ ጊዜው ደርሷል። እንደ ጭቃ ከተለጠፈብዎ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ ረግረግ ያለ አፈር ሲቆፈር ይጓጉላል፤ ሲደርቅም ድንጋይ ይሆናል።

የመጀመሪያው ዝናብ ግን በከንቱ አይለፍ። መሬቱ የሚለሰልሰው፣ የተኛው አረም የሚነቃው ያኔ ነው። ይቆፍሩ፣ ይገልብጡ፣ የበቀለውን አረም ከሳምንት በኋላ ይኮትኩቱ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ዝናብ ሲመጣ ንጹሕ መደብ ይጠብቀዋል። ወራቱ የዐቢይ ጾም ነው፤ በነዚህ ዓመታት ረመዳንም የሚውለው በዚሁ ዙሪያ ነው። ጾመኛ ሰው ከባዱን ቁፋሮ ማለዳ ቢጨርሰውና ከሰዓት በኋላውን ለዘር መረጣና ለአጥር ጥገና ቢያደርገው ይሻለዋል።

ፍግና አመድ

ከብት ባለበት ቤት ፍግ ሞልቷል፤ ችግሩ ከበረት የወጣውን በዚያው ቀን መደብ ላይ መድፋት ነው። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል። ከሦስት ወር ያላነሰ ተከምሮ፣ አልፎ አልፎ ተገላብጦ የበሰለውን ይጠቀሙ። መብሰሉን ለማወቅ እጅዎን ክምሩ ውስጥ ያስገቡ፤ ሙቀት ከሌለው፣ ጭዱ ከአፈሩ ካልተለየና የሚሸተው አፈር አፈር ከሆነ በስሏል። ለአራት ወይም ለአምስት ካሬ ሜትር መደብ አንድ ባሬላ በቂ ነው። ከብት የሌለዎት ከሆነ ጎረቤት ያለውን ክምር ይጠይቁ፤ በአንድ ቀን ጉልበት ይለወጣል።

አመድ በጥቂቱ ጥሩ ነው። የደጋው ዝናባማ መሬት ወደ አሲዳማነት ያደላል፤ አመድ ያንን ያረግባል፤ ለጎመንና ለነጭ ሽንኩርት ይስማማል። ድንች በሚገባበት መደብ ላይ ግን አመድም ኖራም አይበትኑ፤ የድንቹን ልጣጭ ቅርፊት የሚያስመስለው በሽታ እንዲህ ያለ አፈር ይወዳል። መሬትዎ ፍግ ጠጥቶም ሰብሉ የሚቀጭጭ ከሆነ፣ አፈሩ እንዲመረመርና ስንት ኖራ እንደሚያስፈልገው እንዲነገርዎ የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

እንሰት ይቅደም

የሌላ አገር የጓሮ መመሪያ በሰላጣና በጎመን ይጀምራል። እዚህ በእንሰት ይጀመራል። ጎመን ዘንድሮ ቢበላሽ ከሁለት ወር በኋላ ይደገማል፤ ዘንድሮ ያልተተከለ እንሰት ግን የዛሬ ስድስት ሰባት ዓመት የሚጎድል ቆጮ ነው። በደጋው ብርድ ደግሞ ከዚያም ይዘገያል። አንትሮፖሎጂስቱ ዊልያም ሻክ በአውሮፓ አቆጣጠር 1966 ስለ ጉራጌ ያሳተመውን መጽሐፍ ሲሰይም የእንሰት ባህል ያለው ሕዝብ ያለው ይህን አይቶ ነው። ዛሬም በኢትዮጵያ 20 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ በእንሰት እንደሚኖር ይገመታል።

በዚህ ወራት የሚሠራው ሁለት ነገር ነው፤ አዲስ ችግኝ ለማስወጣት አሚቾ (ከመሬት በታች ያለውን የእንሰቱን ግንድ) መቅበርና ያለፈው ዓመት ችግኝ ካለ ነጣጥሎ መትከል።

አሚቾ የሚቀበረው ዝናቡ ሳይበረታ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። ሦስት ወይም አራት ዓመት የሆነው፣ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የቆመና ያልተጎዳ እናት ተክል ይምረጡ። ከማያውቁት ግቢ አይግዙ፤ አጠገቡ የጠወለገ እንሰት ካለበት ግቢ በነጻ ቢሰጥዎም አይቀበሉ። ገጀራዎንና ቢላዎን በእሳት ለብልበው ይጀምሩ።

ተክሉን ከነአሚቾው ነቅለው ያውጡና ሥሮቹን ዙሪያውን ይላጩ። ከዚያ ግንዱን ከአሚቾው በላይ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተው ይቁረጡት። የተቆረጠው ፊት ነጭ፣ ክብ በክብ የተደራረበ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለው ይመልከቱ፤ ከተቆረጠው ቦታ ቢጫ ነገር ጠብ ጠብ የሚል፣ የሚዝለገለግ ከሆነ ያ ተክል በሽተኛ ነው፤ ሥራውን ያቁሙ። ጤነኛ ከሆነ ከክቦቹ መካከል ለጋ ቡቃያ ያገኛሉ። የሙያው ሁሉ ቁልፍ እዚች ላይ ነው። ቡቃያዋ ካልወጣች አሚቾው ጉልበቱን ለእሷ ሰጥቶ አንድ ግንድ ብቻ መልሶ ያበቅላል። በሹል ቢላ ዙሪያዋን እየወጉ፣ እስከ አሚቾው ሥጋ ድረስ ወርደው ፈልቅቀው ያውጧት። ጉድጓዱ ቡጢ የሚያስገባ ቢሆን አይፍሩ። ለማመን ያስቸግራል እንጂ፣ እናቲቱን ገድለው ልጆቿን የሚያበዙት እንዲህ ነው።

አሚቾው ትልቅ ከሆነ ለሁለት ወይም ለአራት ይከፍሉታል። ቁስሉ እንዲደርቅ አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ ያሳድሩት። ከዚያ አሚቾውን የሚውጥ፣ የላይኛው ፊቱ ከመሬት ጋር እኩል የሚያርፍበት ጉድጓድ ይቆፈራል። ከሥሩ የበሰለ ፍግ የተቀላቀለበት አፈር ያንጥፉ፤ አሚቾውን ያስቀምጡ፤ ቡቃያዋ የወጣችበትን ቀዳዳ አፈር ጠቅጥቀው ይሙሉት፤ አንዳንዶች ድንጋይ ይጨምሩበታል። ከላይ በስሱ አፈር አልብሰው በደረቅ ሣር ይሸፍኑ። ዝናቡ ሲጸና፣ ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ፣ ችግኙ ዙሪያውን ይፈላል። አንድ ጥሩ አሚቾ እስከ መቶ የሚደርስ ልጅ ሊሰጥ ይችላል። ዓመቱን እዚያው ከርሞ የሚነጣጠለው በሚመጣው በልግ ነው።

ያለፈው ዓመት ችግኝ ያላቸው ሰዎች አፈሩ በደንብ እስኪርስ ድረስ ይጠብቁ፤ በመጋቢት ቢሆን መልካም ነው። ጉብጉቡን በሙሉ ነቅለው እያንዳንዱን ከሥሩ ጋር ይለያዩ። ረጃጅሙን ቅጠል ይቁረጡለት፤ ሥሩ ገና መሬት ሳይዝ ቅጠሉ ውሃውን እንዳይጨርሰው ነው። በቁመት ለይተው ታላላቁን ለብቻ፣ ታናናሹን ለብቻ ይትከሉ፤ ከተቀላቀሉ ትልቁ ትንሹን ያቀጭጨዋል። የጉራጌ ገበሬ እንሰትን አንዴ ተክሎ አይተወውም፤ እያደገ ሲሄድ እያነሣ፣ ርቀቱን እያሰፋ ያዛውረዋል። በመጀመሪያው መደብ ላይ ግማሽ ሜትር መራራቅ ይበቃል፤ በመጨረሻው ቦታ ግን ሁለት ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በመካከሉ ያለው ባዶ መሬት እንሰቱ እስኪያጠላ ድረስ የጎመን ነው።

አንድ ዓይነት ብቻ አይትከሉ። አስታራም ይሁን አጋደ ወይም ሌላ፣ አንዱ ቆጮው ይበዛል፣ አንዱ አሚቾው ተቀቅሎ ይጣፍጣል፣ አንዱ ቃጫው ይጠነክራል፣ አንዱ ለተሰበረ አጥንት ይፈለጋል። የትኛው ለምን እንደሆነ እናቶችን ይጠይቁ፤ ተካዩ ወንድ ቢሆንም ፍቃ ጨምቃ፣ ቀብራ አብልታ ዓይነቱን የምታውቀው ሴቷ ናት።

ድንች

ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር 1858 ጀርመናዊው ሺምፐር ይዞት መጥቶ እንደሆነ ይነገራል። ዛሬ የጉመርን ደጋ ያለ ድንች ማሰብ ያስቸግራል። በበልግ መትከሉ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ገበሬው ምች የሚለው፣ ቅጠሉን በቀናት ውስጥ የሚያጠቁረው በሽታ የሚበረታው በክረምት ጭጋግና ዝናብ ስለሆነ የበልጉ ድንች ከፊሉን መከራ ያመልጣል።

ለዘር የሚሆነው የእንቁላል መጠን ያለው፣ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ የሆነ ነው። በጨለማ ጎተራ የከረመ ድንች ነጭ፣ ቀጭንና ረጅም ቡቃያ ያወጣል፤ ሲነኩት ይሰበራል። ዘሩን አስቀድመው፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማያገኘው ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በሚገባበት ቆጥ ላይ በስሱ ይዘርጉት፤ ሌሊት ውርጭ እንዳያገኘው ይከልሉት። ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል፤ ለዘር ደግ ነው፤ ለምግብ ግን አይሆንም፣ መርዝነት አለው። ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት ጉደኔ፣ ጃለኔና በለጠ በደጋው የታወቁ ዝርያዎች ናቸው፤ ከታመነ ዘር አባዥ ካገኙ ገበያ ለምግብ ከሚሸጠው ድንች እነሱን ይምረጡ።

በመስመሮች መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተዉ። ጥልቀቱ ከዐሥር ሳንቲ ሜትር ብዙ አይለፍ፤ ቡቃያው ወደ ላይ ይሁን። ተክሉ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር ያስታቅፉት፤ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይድገሙት። ይህን ሰነፍ ሰው ይዘለዋል፤ ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ሆኖ ይወጣበታል። ድንች፣ ቲማቲም ወይም በርበሬ አምና በነበረበት መሬት ላይ ዘንድሮ ድንች አይመለስበት። መጋቢት መጀመሪያ የተተከለው ሰኔ መጨረሻ ገደማ ይቆፈራል፤ እህል በሚወደድበት በዝናቡ ወራት እጅ ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

የጎመን መደብ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሌላው

ጥቅል ጎመን፣ የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ በችግኝ ቢጀመሩ ይሻላል። ወርዱ አንድ ሜትር፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ መደብ ያውጡ፤ ከሁለቱም ጎን እጅዎ መካከሉ ይድረስ፤ እግር አይርገጠው። ዘሩን በዐሥር ሳንቲ ሜትር ርቀት በተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ላይ በስሱ ይዝሩ፤ ጠቅልሎ መበተን ዘር ማባከን ነው። ደረቅ ሣር ያልብሱት፤ መብቀል ሲጀምር ሣሩን ያንሡ። ሌሊቱ ጥርት ብሎ ውርጭ የሚያሰጋ ከሆነ ማታ ማታ በጭራሮ ተደግፎ የኮባ ቅጠል ይዘርጋበት፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይነሣለታል። ከራስዎ ግቢ ጤነኛ እንሰት የተቆረጠ ቅጠል ይሁን፤ ምክንያቱ ኋላ ይመጣል።

ውሃ የሚጠጣው ጠዋት ነው። ማታ የረጠበ ቅጠል ብርድና በሽታ ይጠራል። ክዳኑ በምስማር የተበሳሳ የሁለት ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ ጥሩ ማጠጫ ነው። ችግኙ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ለመዛወር ይደርሳል። ከመዛወሩ ሳምንት ቀደም ብለው ውሃውን ይቀንሱበት፤ ይጠነክራል። ደመና ባለበት ቀን ወይም ወደ ማታ ያዛውሩ። የሐበሻ ጎመን ከሁለት ወር በኋላ ቅጠሉ ይቀነጠሳል። ስለዚህ ለዐቢይ ጾም ያሰቡት ጎመን የካቲት ላይ የሚዘራው አይደለም፤ እሱ ኅዳር ላይ በመስኖ መጀመር ነበረበት። የዘንድሮው ከፋሲካ በኋላ ከአይብ ጋር ይገናኛል።

ካሮትና ቀይ ሥር እዚያው በሚያድጉበት ቦታ ይዘራሉ። ካሮት ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ስለሚፈጅ ተስፋ ቆርጠው አይቆፍሩት። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ትልልቁን ፍልቃቂ መርጦ፣ ሹሉን ወደ ላይ አድርጎ፣ በዐሥር ሳንቲ ሜትር ርቀት መትከል ነው፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት አይወድም። ባቄላና አተር ወደ አጥሩ ጠጋ ቢሉ ቦታ አያጣብቡም።

ጠላቶች

ማለዳ ችግኙ ከአንገቱ ተቆርጦ ወድቆ ካገኙት ቆራጭ ትል ነው። አፈሩን በጣትዎ ገለጥ ገለጥ ቢያደርጉ ተጠቅልሎ የተኛ ድፍን ትል ያገኛሉ፤ ዶሮ ይበላዋል። ለሚቀጥለው ችግኝ ግንዱን በወረቀት ጠቅልለው ይትከሉ። ክሽክሽ የጎመኑን ቅጠል ሥር ሲወርር የሳሙና ውሃ በጨርቅ ነክረው ይጥረጉት፤ የባሰበትን ቅጠል ቆርጠው ይቅበሩ። መድኃኒት መርጨት የመጨረሻው ነው፤ ያውም ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይበላ መቆየት እንዳለበት ከባለሙያ ሳይጠየቅ አይሆንም።

ፍልፈል ሌላ ጣጣ ነው። ድንቹንና የእንሰቱን አሚቾ ከሥር ይበላል፤ ተክሉ ያለ ምክንያት ዘንበል ካለና አጠገቡ አዲስ የአፈር ቁልል ካለ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ። ወጥመድ የሚያጠምድ ልጅ በየመንደሩ አይጠፋም። ጃርት ላለበት ቦታ ደግሞ ከጠንካራ አጥር ሌላ የሚበጅ ያለ አይመስለኝም።

የእንሰት አጠውልግ

ከላይ ገጀራ ለብልቡ፣ ቅጠል ከማያውቁት ግቢ አያምጡ ሲባል የከረመው በዚህ በሽታ ምክንያት ነው። አጠውልግ በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በእንሰት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1968 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ነው። መካከለኛው ለጋ ቅጠል ቢጫ ይሆናል፣ ይታጠፋል፣ ከዚያ ተክሉ በሙሉ ይወድቃል። የሚያድነው መድኃኒት የለም። የሚዛመተው በዋናነት በሰው እጅ ነው፤ በሽተኛውን ቆርጦ ሳይጸዳ ወደ ጤነኛው በሚሄድ ቢላ፣ በተበከለ ችግኝ፣ የታመመውን ቅጠል በልተው ወደ ሌላው በሚያልፉ ከብቶችና ወዲያ ወዲህ በሚጎተት ቅጠል።

አንድ ተክል ከታመመ በዚያው ቀን ከነአሚቾው ነቅለው፣ ቆራርጠው፣ ከጓሮው ዳር በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩት። ለከብት አይስጡ፤ መንገድ ላይ አይጣሉ። የነካውን መሣሪያ በእሳት ይለብልቡ ወይም በበረኪና ይጠቡ። በዚያ ጉድጓድ ላይ ቶሎ እንሰት አይመልሱ፤ ድንች ወይም ጎመን ይግባበት።

ብዙ ሰው የታመመ እንሰት ሲያገኝ እንደ ነውር ይደብቀዋል፤ ችግኙ አይገዛልኝም፣ ሰው ይርቀኛል ብሎ ይፈራል። አይደብቁ። ለቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይንገሩ፤ ለአዋሳኝ ጎረቤትዎ ደግሞ ከእሱም በፊት ይንገሩ። ቢላ ሊዋስ የመጣ ሰው ካለም በእሳት ለብልበው ይስጡት፤ ሲመልስም ለብልቦ እንዲመልስ ይንገሩት።